የሐይቅ ዳርቻ ገና እየተሠራ ነው፤ አሁን እንሂድ ወይስ ይለቅ?

ሰላም አንባቢዎቻችን፣ ሰላም ወሎ! ለዚህ እትም ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውሃ ዳር ናቸው፣ በተለይ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን ስለምናገኛት ስለ ሐይቅ ከተማና ስለ ሎጎ ሐይቅ። ሎጎ ሐይቅ ከገበታ ለትውልድ ፕሮጀክቶች አንዱ ከሆነ ወዲህ ዳርቻው እየተቀየረ ነው፣ ሰዉም ልይ ይላል፣ ጥያቄውም በዛ። ቦታውን በጣም ስለምወደው መልሶቹ ረዘም ብለዋል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ትውልዴ ደሴ ነው። ዘንድሮ ለቤተሰብ ጥየቃ ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ስንመጣ አንድ ቀን ሐይቅ ብንውል ብለን አሰብን። ቲክቶክ ላይ የማየው ግን ግማሹ ቆንጆ ቆንጆ ሎጅ ነው፣ ግማሹ ቁፋሮና የአሸዋ ክምር ነው። አሁን ብንሄድ የምናየው ነገር አለ? ወይስ ግንባታው ይለቅ ብለን እንጠብቅ? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እታለም አትጠብቂ፣ ሂዱ። ያለቀውን ዳርቻ ዕድሜ ይስጣችሁ እንጂ መቼም ታዩታላችሁ፣ አሁን ያለውን ግን የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመት አታገኙትም። ዛሬ ብትሄዱ በአንድ በኩል አዲስ የተነጠፈ ድንጋይና አዲስ ጣሪያ ታያላችሁ፣ ትንሽ ራቅ ስትሉ ደግሞ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ከብት የሚያጠጣ ልጅ፣ መረቡን ዘርግቶ የሚጠግን አስጋሪ አለ። ሁለቱን ባንድ ቀን ማየት ነው ጉብኝቱ። እናትሽ ደግሞ ድሮ የሚያውቁትን ሐይቅ ለልጅ ልጆቻቸው እያሳዩ የሚያወሩትን የትኛውም ጋይድ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ እሳቸውን ከፊት አስቀምጧቸው።

ትልቁ ምክሬ ሰዓቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ደሴ ላይ ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳና ሐይቅ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ አስጋሪዎቹም ጨርሰው ገብተዋል፣ ከዛ ሎጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳውን በልቶ ይመለስና ሐይቅን አየሁት ይላል። እናንተ ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ውጡ። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ትይዛላችሁ፣ ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ደግሞ ባጃጅ ውሃው ድረስ ያደርሳችኋል። አንድ ነገር፣ ከመነሳታችሁ በፊት እዛ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ ልጆችና ትልቅ ሰው ይዛችሁ ስለሆነ ነው።

ስትደርሱ ወዲያው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ መጀመሪያ አሳ የሚወርድበት ጋ ሂዱ። ማታ የተጣለው መረብ የሚነሳው ጠዋት ነውና ልጆቹ ይሄን ይዩ። አስጋሪው ቆረሶ የሚባለውን አሳ ከመረቡ ሲያላቅቅ አይጎትተውም፣ የጀርባው ክንፍ እሾህ አለው፣ እጅ ይወጋል መረብም ይቀዳል፣ ስለዚህ ክሩን በጣቱ ጫፍ አንድ በአንድ በራሱ በኩል ያወጣለታል። ከዛ የሚያርደው ልጅ ጭራውን ይይዝና ቢላውን ከጭራ ወደ ራስ እየገፋ ቅርፊቱን ሲፍቀው ቅርፊቱ ተፈናጥሮ ክንዱ ላይ ሁሉ ይለጠፋል፣ ሆዱን ሰንጥቆ አንጀቱን ሲወረውር ደግሞ የሚጠብቁት ወፎች መሬት ሳይነካ ይሻሙታል። ልጅ ይሄን ካየ ሰሃን ላይ የሚቀርብለትን አሳ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። እዛው ገዝታችሁ ማስጠበስም ይቻላል፣ እኔ ብሆን ደረቅ ጥብሱን በአዋዜ ነው የምላችሁ፣ ጉላሹን ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ።

ከዛ በኋላ ጀልባ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፣ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ የት ደርሶ ነው የሚመለሰው። ላይፍ ጃኬት ለልጆቹ በልካቸው ከሌለ አትሳፈሩ፣ ቅር አይበላችሁ፣ ሐይቁ ጥልቅ ነው። ምሳችሁን ከበላችሁ በኋላ እናትሽ ጥላ ያለው ቦታ አረፍ ይበሉ፣ ሎጆቹ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ናቸው፣ መጸዳጃ ቤትም አላቸው። ጉልበትና ጊዜ ከተረፋችሁ አርዲቦን እዩት፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ግን መኪናችሁ ዝቅ ያለች ከሆነች መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቅ እስጢፋኖስ ልንሄድ ተቀጣጥረናል፣ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴት አይገባም ሲሉኝ ከአሁኑ ቅር አለኝ። እዛ ድረስ ሄጄ እኔ ምን ላድርግ? (ከወልድያ)

መልስ፦ እውነት ነው የኔ እመቤት፣ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም። የቆየ ሥርዓት ስለሆነ በር ላይ ደርሰሽ ከምትመለሺ አሁን ማወቅሽ ይሻላል። ግን ጓደኞችሽ ሲገቡ አንቺ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂ። በጀልባ ውጪ፣ ገዳሙን ከውሃው በኩል እዪው። ያ ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል፣ ይሄን ደግሞ በደንብ የሚታየው ከውሃ ላይ ሲሆኑ ነው። ከተቻለ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ይቁምልሽ፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወፉም ብዙ ነው።

ታሪኩን አንብበሽ ሂጂ፣ ያኔ ከገቡት እኩል ታዪዋለሽ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1248 ነው፣ ከሳቸው በፊትም እዛው ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ትውፊቱ ይናገራል። በሳቸው ጊዜ ሐይቅ የትምህርት ቦታ ሆነ፣ መጽሐፍ የሚገለበጥበት፣ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚመጣበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ከሳቸው እግር ስር ተምረዋል። የሐይቅ አበምኔት ቤተ መንግሥት ውስጥ ዓቃቤ ሰዓት የሚል ትልቅ ማዕረግ ነበረው። ለገዳሙ ከእ.ኤ.አ. 1280 ገደማ ጀምሮ የቆየ አራቱ ወንጌል አለ፣ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት፣ ከአገራችን ዘመናቸው ከሚታወቅ ብራናዎች በጣም ከቀደሙት አንዱ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ዛሬ ለሴልፊ የምንሻማበት ዳርቻ ላይ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሲማርና ሲጽፍ ኖሯል።

ደግሞ ሽማግሌዎቹ የሚተርኩት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ፣ እግዜር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቷም ከነወገኖቿ ሰጠመች፣ ሴትየዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። ያ ደሴት ነው ገዳሙ ያለበት። እኔን ይሄ ተረት በጣም ይነካኛል፣ የተበደለችው ሴት የተረፈችበት መሬት ነውና አንቺም በጀልባ ስታልፊ ይሄን አስታውሺ። ወንዶቹ ጓደኞችሽ ደግሞ ሲገቡ አለባበሳቸው ሥርዓት ይኑረው፣ ፎቶ ሳያስፈቅዱ አያንሱ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ የለኝም። እንግዳ ማስጎብኘት ልጀምር አስቤያለሁ። ግን የሚመጣው ሰው መኪናውን ሎጅ በር ላይ ያቆማል፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ምን ብዬ ላቁመው? ምንስ ላሳየው? (አንድ የሐይቅ ልጅ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! የያዝከው ሐሳብ ጥሩ ነው። የሎጁን በረንዳ ማንም ያሳየዋል፣ አንተ የምታውቀውን ግን ከአዲስ አበባ የመጣ አስጎብኚ አያውቀውም፣ ስለዚህ የራስህን መንገድ ሥራ፣ በእግር የሚሄድ፣ ሁለት ሰዓት ቢበዛ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ።

ከላይ ጀምር። ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ የሚታይበት ከፍታ ላይ አውጣቸውና መጀመሪያ ያዩትን ነገር አስረዳቸው፦ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ውሃው ከአርዲቦ በኩል ይመጣለታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ይሄን የመጨረሻውን ረጋ ብለህ ንገራቸው፣ ምክንያቱም በኋላ ስለ ዳርቻው ግንባታ ስታወራ የሚገባቸው ይሄን ከያዙ ነው።

ከዛ የአሳውን ታሪክ። ብዙ ሰው ቆረሶ ከጥንት ጀምሮ እዚህ የነበረ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ አምባዛው ነው የቆየው። ውሃውን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ድሮ ሐይቁ በጣም ጥርት ያለ ነበር፣ በጥልቀት ይታይ ነበር፣ ቆረሶው ከገባ በኋላ ነው እየደፈረሰ አረንጓዴ እየሆነ የመጣው፣ ምክንያቱም ያ አሳ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት በላቸው፣ የሚበላው ሲጠፋ አልጌው በዛ። በአንድ አሳ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ እንጀራ አገኘ፣ በዛው አሳ ምክንያት የውሃው መልክ ተቀየረ። እንግዳህ ይሄን ሰምቶ ማኪያቶው ትዝ አይለውም።

ቀጥለህ በእርሻዎቹ መሀል ውሰዳቸው። ከሐይቁ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ፣ ጫቱን፣ አትክልቱን አሳያቸው፣ ገበሬው ራሱ ያውራ። ከዛ አንድ ቤት ቡና። ይሄን በደንብ አስብበት፣ ከእናትህ ወይ ከጎረቤት ጋር ተስማማና እስከ በረካ የሚጠጣበት ቡና አዘጋጅ፣ እጣኑ ይጨስ፣ ወሎ መሆኑ ይታወቅ፣ ክፍያውም ቀጥታ ለሴትየዋ ይሁን። ግንባታውንም ዝለህ አትለፈው፣ "እዚህ ጋ ድሮ ምን ነበር፣ አሁን ምን እየሆነ ነው" ብለህ አቁማቸው፣ መልሱን ከአካባቢው ትልልቅ ሰዎች ቀድመህ ሰብስብ።

ሌላው የወረቀቱ ነው፦ ተሁለደሬ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጋ ሄደህ ተመዝገብ፣ ባጅ ይኑርህ፣ ዋጋህን ጽፈህ አሳይ። ብቻህን አትሁን፣ አንድ አሳውን የሚያውቅ፣ አንድ የገዳሙን ታሪክ የተማረ፣ አንድ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ሆናችሁ ብትደራጁ ሎጆቹም ራሳቸው ይፈልጓችኋል፣ እንግዳቸው አንድ ቀን የሚጨምረው የሚያየው ነገር ሲኖረው ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሐይቁ ዳር መገንባቱን የሚቃወሙ ሰዎችን ስሰማ አንዳንዴ ልማት የማይወዱ ይመስሉኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ እውነት ያላቸው ይመስለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከደሴ)

መልስ፦ የኔ መምህር፣ ጥያቄዎን አክብሬ ነው የምመልሰው። እኔ መገንባቱን እደግፋለሁ፣ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ፣ እንግዳም ማረፊያ ይፈልጋል። የሚሰጉት ሰዎች ግን እውነት አላቸው፣ ጉዳዩ ውሃው መውጫ ስለሌለው ነው። ጣና የገባበት ቆሻሻ ቢያንስ በዓባይ በኩል የሚወጣበት መንገድ አለ፣ ሐይቅ የገባው ግን ውሃው ሲተን እዛው ይቀራል። ወጥ ላይ ጨው እንደመጨመር ነው፣ አንዴ ከበዛ በኋላ ማውጣት የለም።

ስለዚህ አንድ ሎጅ ሲሠራ እኔ የማየው ጣሪያውንና መብራቱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ነው። የወጥ ቤቱና የመጸዳጃው ፍሳሽ የት ነው የሚሄደው? ብዙ ቦታ የሚቆፈረው ወለሉ ያልተደፈነ ጉድጓድ ነው፣ ዳርቻ ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ያ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ነገር ቀስ እያለ በአፈሩ ውስጥ ሐይቁ ይደርሳል፣ ማንም ሲፈስ አያየውም። በደንብ የተደፈነ ታንከር ሆኖ በየጊዜው በቦቴ ተመጦ ራቅ ብሎ ቢወሰድ፣ ወይ ደግሞ የጋራ ማጣሪያ ቢኖር ሌላ ነገር ነው። ውድ ነው ይላሉ፣ አዎ ውድ ነው፣ ግን ሐይቁ ከሸተተ ሎጁም አብሮ ነው የሚዘጋው።

ሁለተኛው ቄጤማውና ደንገሉ ነው። ባለሀብቱ "ቪው ከለከለኝ" ብሎ ያጭደዋል፣ ያ ሳር ግን ከማሳ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ የሚይዘው እሱ ነው፣ አሳውም እንቁላሉን የሚጥለው ጫጩቱም የሚደበቀው እዛ ነው። ለጀልባ መውጫና ለመንሸራሸሪያ የሚሆን ቦታ ከፍቶ ሌላውን መተው ይቻላል። ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ፣ የሰዉ መንገድ ነው። ከብት የሚጠጣበት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት፣ አስጋሪው ጀልባውን የሚያስርበት መውረጃ በአጥር ከተዘጋ የሐይቅ ልጅ ሐይቁን ለማየት የመግቢያ ሊከፍል ነው ማለት ነው። ፕላኑ ላይ እነዚህ መውረጃዎች ተሥለው በግልጽ ይታዩ፣ ይሄን መጠየቅ ልማት መጥላት አይደለም። እርስዎ መምህር ነዎት፣ ተማሪዎችዎ ዛሬ በየቢሮው አሉ፣ ቢጠይቋቸው ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ላይ መዋኘት ይቻላል? (በአጭሩ ይመለስልኝ)

መልስ፦ በአጭሩ፣ እኔ አልመክርም። ጥልቀቱ ድንገት ነው የሚጨምረው፣ ሌላው ቢልሃርዝያ ነው። በሽታው የሚመጣው ዳር ላይ ሳር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው፣ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ በአካባቢው ተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራም ተገኝቷል። ገብታችሁ ከነበረና በኋላ ሆድ ቁርጠት ወይ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሐይቅ ውስጥ መግባታችሁን ተናገሩ፣ መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ እኛ የኮምቦልቻ ልጆች ነን። ደሴም ኮምቦልቻም ኮሪደር ልማት እየተሠራ ነው፣ መንገዱ አምሮበታል። ቦርከና ዳርስ ሰው የሚንሸራሸርበት፣ እንግዳ የሚመጣበት አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ ዶሮ መዝለያ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ እናንተ ይወርዳል፣ ከዛ የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አንድ ሰው ጠዋት ደሴ ላይ ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ደጋውን፣ ገደሉን፣ ከዛ የኮምቦልቻን ሜዳ ቢያይ ባንድ ቀን ሦስት ዓይነት አገር አየ ማለት ነው፣ ይሄን የሚሰጥ ወንዝ ስንት አለ?

ግን ወንበርና መብራት ከመትከላችን በፊት ውሃው አለ። ከላይ ከደሴ ፌስታልና ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ይገቡበታል፣ ጥናቶች እነዚህ ውሃዎች ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል፣ ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ያ መልካም ነው፣ ግን ፋብሪካውና መናፈሻው በአንድ ውሃ ነው የሚኖሩት። ታች ያለው ገበሬም በዛው ውሃ አትክልት ያጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ ስለዚህ ጉዳዩ የሽታ ብቻ አይደለም። ሌላው ጎርፍ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦርከና ድንገት ሞልቶ ይመጣል፣ በበጋ ለክታችሁ የሠራችሁት መንሸራሸሪያ ክረምት ላይ ውሃ ውስጥ ነው፣ ዳርና ዳሩን ለዛፍና ለሳር ትታችሁ ወንበሩን ከፍ አድርጉት።

አሁን ማድረግ የምትችሉትን ልንገራችሁ። ስለ ኮሪደሩ ነዋሪ ሲወያይ ቀርታችሁ በኋላ ፌስቡክ ላይ አትከራከሩ፣ ስብሰባው ላይ ግቡና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወደ ቦርከና የሚገባው እያንዳንዱ ቱቦ የማን ነው፣ ሳይጣራ የሚገባውስ መቼ ነው የሚዘጋው? መልሱን በቀን ይንገሯችሁ። የሚሏችሁን ጽፋችሁ ላኩልን፣ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ዓምድ ላይ እናወጣዋለን።